የወፏ ፎቶግራፍ በምን መንገድ እንደ ተገኘ ይገለጽልን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በቅርቡ በጋዜጣዎ የተፈጥሮ ዓምድ ላይ የወጣ አንድ ፎቶግራፍ ነው። አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ አባጨጓሬ በመንቁሯ ይዛ በጎጆዋ አፋፍ ላይ ቆማለች፤ ሦስት ጫጩቶችም አፋቸውን ከፍተው ወደ እርሷ አንጋጠዋል። ምስሉ ጥርት ያለ፣ ብርሃኑም ያማረ ነው። ነገር ግን ጎጆውን ሊከልል ይገባው የነበረው ቅጠል በአንድ ወገን ፈጽሞ የለም፤ በግራ በኩልም አዲስ የተቆረጠ የቅርንጫፍ ጫፍ ነጣ ብሎ ይታያል። ፎቶግራፉን ያነሳውን ሰው አላውቀውም፤ ቅርንጫፉን የቆረጠው እርሱ ነው ብዬም አልከስም። የምጠይቀው ጋዜጣው እንዲህ ያለውን ምስል ከማተሙ በፊት እንዴት እንደ ተገኘ አንሺውን እንዲጠይቅ፣ መልሱንም ከምስሉ ሥር ለአንባቢ እንዲያሳውቅ ነው።

ሥራውን ከሩቅ እያየሁ አይደለም ይህን የምለው። ትናንሽ ዘማሪ ወፎችን በዱር እየተከታተልሁ ፎቶግራፍ ማንሳት ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ሰውን ወደ ጎጆ የሚገፋውን ምክንያት በሚገባ እረዳለሁ። ክብደቷ 10 ግራም የማይሞላ ወፍ ነፍሳት እየለቀመች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል በአንድ ስፍራ ሁለት ሰከንድ እንኳ አትቆይም፤ የምትውለውም ብርሃን በሚያንስበት በቅጠሉ መካከል ነው። ምስሏን ለማጉላት 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ የያዘ ሰው፣ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ በኤፍ 6.3 ልክ ከፍቶ ከ5 ሜትር ርቀት ቢያነሳት፣ ጥርት ብሎ የሚታይለት ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ዓይኗ ጠርቶ ጅራቷ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ፎከሱ (ምስሉን የሚያጠራው የሌንሱ ማስተካከያ) ከፊቷ ያለውን ቅጠል ይዞ ወደ እርሷ እስኪመለስ ድረስ ደግሞ ወፏ ሄዳለች። ጎጆ ይህን ሁሉ ችግር በአንድ ጊዜ ያስወግዳል፤ ወላጆቹ በየጥቂት ደቂቃው ወደዚያው ስፍራ ስለሚመላለሱ ርቀቱን አስቀድሞ ለክቶ፣ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ (ትራይፖድ) አቁሞ መጠበቅ ይቻላል።

የዚህን ቅለት ዋጋ የሚከፍሉት ግን ወፎቹ ናቸው። በጎጆው ዙሪያ ያለው ቅጠል ጥላም መሸሸጊያም ነው። ከተፈለፈሉ ገና ጥቂት ቀናቸው የሆኑ ጫጩቶች ላባ ስለሌላቸው የሰውነታቸውን ሙቀት ራሳቸው ሊጠብቁ አይችሉም፤ ቅጠሉ ሲገፈፍ ፀሐይ ታቃጥላቸዋለች፣ እናታቸው ሰው ፈርታ ስትርቅም ብርድ ይመታቸዋል። የተረገጠው ሣርና የተገለጠው ቁጥቋጦ ለቁራና ለድመት መንገድ ያሳያል። ለመውጣት የደረሱት ጫጩቶች ደግሞ ሰው ሲቀርባቸው መብረር ሳይችሉ ከጎጆው ይዘላሉ፤ አንዴ ከወጡም ብዙውን ጊዜ ተመልሰው አይረጉም። ወላጇ ምግቡን በአፏ እንደ ያዘች ወደ ጎጆው ሳትገባ በአቅራቢያው እየተዘዋወረች የምትጮህ ከሆነ፣ ያስቸገራት እዚያ የቆመው ሰው ነው። አባጨጓሬ በመንቁሯ ይዛ ወደ ካሜራው ትክ ብላ የምታይ ወፍ የሚታይባቸውን፣ ተመልካች የሚያደንቃቸውን አንዳንድ ምስሎች ባየሁ ቁጥር ልቤ የሚያዝነው ስለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ውበት የጭንቀቷ መልክ ነውና።

እኔም ይህን በደል ፈጽሜአለሁ። በጀማሪነቴ ዘመን ከአንድ ጎጆ ፊት ያሉትን ሁለት ቅርንጫፎች በክር ወደ ጎን አስሬ ግማሽ ቀን ሳነሳ ዋልሁ፤ ስሄድም ክሩን ፈትቼ ቅርንጫፎቹን ወደ ቦታቸው መለስኋቸው። በማግስቱ ስመለስ ጎጆው ባዶ ነበር፤ ጫጩቶቹ ደግሞ ለመብረር ገና ብዙ ቀን የሚቀራቸው ነበሩ። የበላቸውን እንስሳ አላየሁም፤ ነገር ግን መንገዱን ያመለከትሁት እኔ እንደ ሆንሁ አልጠራጠርም። የዚያን ቀን ፎቶግራፎች ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

የወፏን ዜማ ቀድቶ በድምፅ ማጉያ እያሰሙ መጥራትም ከዚህ የሚለይ አይደለም። ወንዱ ሌላ ወንድ ግዛቱ ውስጥ የገባ መስሎት መመገቡን ትቶ ይመጣል፤ ለተቀዳ ድምፅ ሲዋጋ የሚያባክነውም ጉልበት ለጎጆው የሚያስፈልገው ነው።

ቀደም ባለው ዘመን ወደ ጎጆ መሄድ የመሣሪያው ግዴታ ነበር ማለት ይቻላል። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1892 እንቁላል ያለበትን ጎጆ ፎቶግራፍ ሲያነሱ፣ ምስሉ የሚቀረጽበት የዘመኑ የመስታወት ሰሌዳ ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበር ከማይንቀሳቀስ ነገር መጀመራቸው የሚያስደንቅ አይደለም። እነዚሁ ሰዎች በኋላ ወፎቹን ላለማስደንገጥ ሲሉ ውስጡ ክፍት በሆነ የበሬ ቆዳ ውስጥ ተሸሽገው ያነሱ ነበር፤ ትዕግሥታቸውን ዛሬም አደንቃለሁ። ፈረንሳዊው ኤትየን ዡል ማሬ ከእነርሱ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1882 በሰከንድ 12 ምስል የሚያነሳ፣ እንደ ጠመንጃ የሚነጣጠር መሣሪያ ሠርቶ የወፎችን በረራ አጥንቷል። ዛሬ በሰከንድ 120 ምስል የሚያነሱ ካሜራዎች አሉ፤ የወፍ ዓይን ለይተው ፎከሱን የሚከተሉም አሉ፤ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ከመጫኑ በፊት ያለፈውን ቅጽበት ጭምር የሚያስቀሩም አሉ። በኪርተኖች ዘመን የነበረው ምክንያት ዛሬ የለም።

መሣሪያው ግን ወፏን ማወቅን አይተካም፤ ከጎጆ ርቆ የሚገኘው ፎቶግራፍም የሚገኘው ወፏን በማወቅ ነው። እኔ ካሜራ ሳልይዝ ሁለትና ሦስት ንጋት ቁጭ ብዬ መመልከትን ልማድ አድርጌአለሁ። ወንዱ ዘማሪ በየማለዳው የሚመለስባቸው ጥቂት ቅርንጫፎች አሉት፤ ሲዘምር ራሱን ቀና አድርጎ ጉሮሮውን ይነፋል፣ ለጥቂት ሰከንድም ከመዝለል ይታገሣል። ያን ጊዜ የሸተር ፍጥነቱ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ የሰከንድ 1/500ኛ ቢሆን ይበቃል። በራሪ ነፍሳትን በአየር ላይ የሚይዙት ዝንብ አዳኝ ወፎች ይዘው ሲመለሱ ደጋግመው የሚያርፉት በዚያው እንጨት ላይ ነው፤ ስለዚህ እነርሱን ማሳደድ ሳይሆን እንጨቱን መጠበቅ ያዋጣል። ለመብረር የተዘጋጀች ወፍ ዝቅ ትላለች፣ ሰውነቷንም ወደ ፊት ታዘነብላለች፤ የምትነሳውም አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱን በፊቷ ተቀብላ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ነፋሱ ከጀርባው በሚመጣበት ስፍራ ቢቀመጥ ወፏ ወደ እርሱ ዞራ ስትነሳ ያገኛታል፤ ማለዳ ፀሐይም ከጀርባው ከሆነች በዓይኗ ውስጥ ብርሃን ይታያል። በሰከንድ 8 ሜትር የምትበር ወፍ በሰከንድ 1/500ኛ ውስጥ 16 ሚሊ ሜትር ስለምትጓዝ ምስሏ ይደበዝዛል፤ በ1/3200ኛ ግን የምትጓዘው 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለዚህ ፍጥነት አይ.ኤስ.ኦውን (የካሜራውን ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ ማድረግ የግድ ቢሆን ምስሉ ላይ የሚወጣውን ነጠብጣብ መታገሥ ይሻላል፤ ነጠብጣቡን በኋላ መቀነስ ይቻላል፣ የደበዘዘውን ዓይን ግን ማጥራት አይቻልም። የሌንሱ የመንቀጥቀጥ መከላከያም የእጃችንን እንጂ የወፏን እንቅስቃሴ እንደማያስቆም ብዙ ጀማሪዎች ይዘነጉታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሰው ሲደርስ የሸሹት ወፎች፣ ያ ሰው ሳይነሳና እጁን ሳያወናጭፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከዓመታት በፊት እንዲሁ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ወፍ ከጫማዬ አንድ ክንድ በማትርቅ ስፍራ አርፋ ላባዋን ስታስተካክል ቆየች፤ ሌንሴ አጥርቶ ሊያነሳ ከሚችልበት ርቀት ይልቅ ቀርባ ስለ ነበረች አላነሳኋትም፤ ዝም ብዬ አየኋት እንጂ። ከሥራዬ ሁሉ ያን ጠዋት ነው አብልጬ የማስበው።

የጎጆ ፎቶግራፍ ሰው ወፎችን እንዲወድ ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ አባባላቸው እውነት አለው፤ የወፎችን እርባታ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ምስሉ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ፈጽሞ ይከልከል አልልም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ በዝርዝር የተጠቀሱ ወፎችን በጎጆአቸው ወይም በጎጆአቸው አጠገብ ሆን ብሎ ወይም በግዴለሽነት ማወክን ወንጀል አድርጎታል፤ እነዚህን በጎጆአቸው ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚሻ ሰውም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ሕግ ባልደረሰበት ስፍራ ደግሞ አታሚው የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙ ሊሠራ ይችላል፤ አንሺ የሚያነሳው እንዲታተምለት ነውና።

ስለዚህ የወፍ ፎቶግራፍ ለጋዜጣው የሚልክ ሰው ሁሉ ምስሉ የተነሳው ከጎጆ አጠገብ እንደ ሆነ፣ ከሆነም ከምን ያህል ርቀት እንደ ተነሳና ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ ተነክቶ እንደ ሆነ፣ እንዲሁም የተቀዳ ድምፅ ወይም ምግብ ለመጥሪያነት ውሎ እንደ ሆነ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ይደረግ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልሱ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ከምስሉ ሥር ሊገባ ይችላል። ለሚቀጥለው እትም የሚሆን ምስል ከፈለጋችሁም፣ በሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ የሚዘምር፣ በገጹ ላይ ትንሽ ሆኖ የሚታይ ወፍ ፎቶግራፍ በነፃ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢ