በረዶ ያልገደለውን ዛፍ ለምን ቆረጣችሁት?

ለዛፍ ቆረጣ ድርጅቱ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐረር፣ ከሐኪም ጋራ ግርጌ ነው። ያ በረዶና ንፋስ የሰባበረውን እንድታነሱልን የሰፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ነው የጠራችሁ። የተስማማነውም መንገድ የዘጋው እንዲነሳ፣ ተሰብሮ የተንጠለጠለው እንዲቆረጥ፣ የቆመው እንዳይነካ ነበር። ሠራተኞቻችሁ ግን የሞተር መጋዝ ይዘው ገቡና ቅጠሉ የረገፈውን ሁሉ «ይሄ ሞቷል» እያሉ ጣሉት።

አልሞተም ነበር! በረዶ ቅጠል ያረግፋል፣ በመጣበት በኩል ልጡን ያቆስላል። ግንዱና ሥሩ ደህና ከሆነ ግን ዛፉ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ይህን እኮ ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል፣ በዛፍ ሥራ የሚተዳደር ድርጅት እንዴት ይጠፋዋል?

ከሁሉም ያንገበገበኝ የጽዱ ነገር ነው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ወይራም እንዲሁ። ጽድ ግን ከተቆረጠ ቀረ ማለት ነው፤ ችግኝ ቢተከልም እድገቱ አዝጋሚ ነው፣ እኛ ያየነውን የሚያህል ጽድ ልጆቻችን ለማየታቸው እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ላይ የወደቀውን ቅርንጫፍ ሜዳ ላይ ጥላችሁ፣ በአይሱዙ ጭናችሁ የሄዳችሁት ቀጥ ቀጥ ያለውን የጽድ ግንድ ነው። ምስጥ ቶሎ ስለማይደፍረው ለአጥርና ለምሰሶ ምን ያህል እንደሚፈለግ እኛም እናውቃለን።

የወይራዎቹም አቆራረጥ ልክ አይደለም። ከባድ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከታች በኩል ትንሽ ይገዘገዛል፣ ከዚያ ነው ከላይ የሚቆረጠው፣ አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል። እዚህ የሆነው ይኸው ነው። በረዶው ያቆሰለውን እናንተ ገሸለጣችሁት፣ በተከፈተው ቁስል ደግሞ ተባይና ብስባሴ ይገባል። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ዝናቡ ሲጠነክር አፈሩ ታጥቦ የሚመጣው ወደ እኛው ደጅ ነው።

ስለዚህ የቀረውን ዛፍ እንዳትነኩ። የጫናችሁት ግንድ ወይም ዋጋው ለሰፈሩ ይመለስ፣ የተከፈላችሁበትን የወደቀ ቅርንጫፍም መጥታችሁ አንሱ። ክረምት ሲገባ በቆረጣችሁት ልክ የጽድ ችግኝ በራሳችሁ ወጪ ትተክላላችሁ፣ እስኪጸድቅም ትንከባከባላችሁ። ተክሎ ፎቶ ተነስቶ መሄድ አይበቃንም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ዝም ካላችሁ የጉቶዎቹን ፎቶና የከፈልንበትን ደረሰኝ ይዘን ወደ ወረዳው እንሄዳለን።

የሰፈሩ ነዋሪ፣ ሐረር