ኩላንት ተቀይሮለት የሚግል ሞተር ሳይክል፦ ዕቃው ከመቀየሩ በፊት አየሩ ይውጣ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የቴክኒክ ዓምድ ላይ ስለ ሞተር ሳይክል ከመጠን በላይ መጋል የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የዘረዘሯቸው ምክንያቶች፣ ማለትም የኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማነስ፣ የራዲያተር (የሞቀው ፈሳሽ በንፋስ የሚቀዘቅዝበት ክፍል) መደፈን፣ የማራገቢያው አለመሥራትና የቴርሞስታት (ፈሳሹ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ዕቃ) መበላሸት፣ ሁሉም ትክክል ናቸው። ሆኖም ኩላንት በተቀየረ ወይም የማቀዝቀዣው መስመር ለጥገና በተፈታ ማግስት ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ነገር፣ በመስመሩ ውስጥ ታፍኖ የቀረ አየር፣ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሣም። ይህ ግድፈት እኔን አንድ ወር ሙሉ በእግሬ ያስኬደኝ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ሞተሬ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። የውሃ ፓምፑ ጎሚኒ (ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ) አርጅቶ ማንጠባጠብ ስለጀመረ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ጎሚኒው ተቀየረ፣ አዲስ ኩላንት ተሞላ፣ ማንጠባጠቡም ቆመ። በሁለተኛው ቀን ግን የሙቀት መለኪያው ጠባይ ተለወጠ። ቀስ ብሎ እንደሚሞቅ ሞተር ሳይሆን ዝቅ ብሎ ይቆይና በድንገት ወደ ላይ ይዘላል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያለምንም ምክንያት ይወርዳል። ሞተሩን ሳጠፋው ከነዳጅ ታንኩ ሥር ውሃ ሲንተከተክ የሚመስል ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ወደ ራዲያተሩ የሚገባው የላይኛው ቱቦ እጅ የሚያቃጥል ሲሆን የራዲያተሩ ታችኛ ክፍል ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ማራገቢያውም አይነሣም።

ጋራዡ በመጀመሪያ ቴርሞስታቱን ቀየረ። ለውጥ ሲጠፋ የራዲያተሩን ክዳን ቀየረ። ከዚያም የማራገቢያው ማስነሻ ሴንሰር ተጠረጠረ፤ በመጨረሻ የቴስታታው (የሲሊንደሩ አናት) ጋስኬት፣ ማለትም በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል ተባለና ሞተሩ ሊከፈት ቀጠሮ ተያዘ። በእያንዳንዱ ዙር መስመሩ ይፈታል፣ ይሞላል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ችግሩም ይመለሳል። ሰዎቹን በክፋት አልከሳቸውም፤ እያንዳንዱ ግምታቸው በራሱ ሲታይ ሊሆን የሚችል ነበር። የተሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው።

ቴስታታው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው በዕድሜ የገፉ አንድ ሌላ መካኒክ ሞተሩን አዩልኝ። ቁልፍ እንኳ ሳያነሡ ጎንበስ ብለው በቴርሞስታቱ ማቀፊያ አናት ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ብሎን እየጠቆሙ «ልጄ፣ ይህቺ ብሎን ተፈትታ ታውቃለች?» አሉኝ። ቀረብ ብዬ ሳያት ጠርዞቿ ላይ የቁልፍ ጭረት የለም፤ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም እንኳ አልተነካም። አራት ጊዜ ኩላንት ተሞልቶ አንድ ጊዜም አልተፈታችም ማለት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለነበር የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱ፣ ብሎኗን ግማሽ ዙር ያህል አላሏት፤ መጀመሪያ ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ቀጥሎም እየተቆራረጠ የሚተፋ ፈሳሽ መጣ። በራዲያተሩ አፍ ላይ የነበረው ኩላንት ዓይናችን እያየ ወረደ። የውሃ ብርጭቆ ተኩል የሚሆን ኩላንት ጨመርን፤ ከብሎኗ ሥር ያለማቋረጥ የሚወርድ ቀጭን አረንጓዴ ክር ሲታይ አጠበቋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩ ግሎ አያውቅም።

ይህን ያህል አየር እንዴት ይህን ያህል ጥፋት ሊያደርስ ይችላል የሚል አንባቢ አይጠፋም። የውሃ ፓምፑ ክንፎች ፈሳሹን የሚገፉት በማሽከርከር ወደ ውጭ በመወርወር ነው፤ ይህ ደግሞ የሚሠራው ክብደት ላለው ነገር ብቻ ነው። በክንፎቹ መካከል አየር ከገባ ፓምፑ ይዞራል እንጂ የሚገፋው ነገር ስለሌለው ዝውውሩ ይዳከማል ወይም ይቆማል። አየር ደግሞ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ በብዙ ሞተሮች ላይ የሚከማቸው በቴስታታውና በቴርሞስታቱ ዙሪያ ነው፤ ማለትም ማቀዝቀዝ ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ስፍራ። ብረቱ በፈሳሽ ፋንታ በአየር ሲከበብ ሙቀቱን የሚያስረክበው ያጣል፣ በአጠገቡ ያለው ጥቂት ፈሳሽ ይፈላል፣ እንፋሎቱም የአየሩን ኪስ ይበልጥ ያሰፋዋል። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው በውስጡ ያለው ሰም በፈሳሹ ሙቀት ሲቀልጥ ነው፤ አየር ከከበበው ግን ዘግይቶ ይከፈታል። የሙቀት ሴንሰሩም በአየር ውስጥ ሲንጠለጠል የሚነግረን እውነተኛውን ሙቀት አይደለም። ማራገቢያውን የሚያስነሣው ሴንሰር ራዲያተሩ ላይ ከሆነ ደግሞ ሙቅ ፈሳሽ ስለማይደርሰው ዝም ይላል። እንግዲህ ቴርሞስታቱም፣ ሴንሰሩም፣ ፓምፑም የተበላሹ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ሌላው ነገር የትርፍ ኩላንት ማጠራቀሚያው ነው። በጎን በኩል የሚታየው የፕላስቲክ ዕቃ እስከ ላይኛው ምልክት ድረስ ሞልቶ እያለ ራዲያተሩ ራሱ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም በሞተሩ ውስጥ ያለው አየር በሙቀት ሲለጠጥ ኩላንቱን ገፍቶ ወደዚያ ስለሚያስወጣው፣ ጎዶሎነቱ በባሰ ቁጥር ማጠራቀሚያው ሞልቶ ይታያል። እኔም በየቀኑ የማየው እሱን ብቻ ነበር።

አየሩን ማስወጣት ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩ አፍ ከመስመሩ ሁሉ ከፍ እንዲል የፊት ጎማው ወደ ላይ በሚያዘነብል ቦታ ይቆማል፤ ይህ በአብዛኛው ሞተር ላይ ይበቃል፣ የራዲያተሩ አፍ ሌላ ቦታ ያለበት ሞተር ካለ ግን አቋቋሙ እንደዚያው ይለወጣል። ኩላንቱ በቀስታ ይፈሳል፤ በችኮላ የተገለበጠ ኩላንት አየሩን ይዞት ይወርዳል። የጎማ ቱቦዎቹን በእጅ ደጋግሞ መጭመቅና ሞተሩን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበል ብዙ አረፋ ያወጣል። የማስተንፈሻ ብሎን ያለው ሞተር ከሆነ ፈሳሹ ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ድረስ ብሎኑ ይላላል፤ የአንዳንዱ ብሎን ቴርሞስታቱ ላይ፣ የአንዳንዱ ፓምፑ ላይ ወይም ቴስታታው ላይ ስለሆነ የሞተሩን መመሪያ ማየት ይገባል። ብሎኑ ትንሽ ስለሆነ ሲጠብቅ ጉልበት አይወድም፤ ጥርሱ የሚቆረጠው በአሉሚኒየም ላይ ነው።

ቀጥሎ ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ሞተሩ ተነሥቶ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ) ይሠራል። በዚህ ጊዜ ዓይን ከራዲያተሩ አፍ መራቅ የለበትም፤ ፊት ግን ይራቅ። ለጥቂት ደቂቃ ትንንሽ አረፋዎች ይወጣሉ፤ ከዚያ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ኩላንቱ በአንድ ጊዜ ጎድሎ መሽከርከር ይጀምራል። ያን ጊዜ ለስለስ ያለ ነዳጅ ሁለት ሦስት ጊዜ መስጠትና የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል። አረፋው ሲቆም ክዳኑ ይዘጋል፣ ማጠራቀሚያው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሞላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሞተሩ ከአጭር ጉዞ በኋላ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ክዳኑ እንደገና ተከፍቶ ልኩ ካልታየ ግን ሥራው አላለቀም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ጎድሎ ይገኛል።

ሁሉ መጋል የአየር ነው እንዳልል ተጠንቅቄ ልጻፍ። አረፋው ከሃያና ሠላሳ ደቂቃ በኋላም የማያባራ ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ እንደተነሣ ቱቦዎቹ ወዲያው የሚወጠሩ ከሆነ፣ የሚገባው የሲሊንደሩ ጋዝ ነውና ጋስኬቱን የጠረጠረው መካኒክ ልክ ነው። አየሩ ወጥቶ በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነም የሚገባበት በር አለ፤ የላላ የቱቦ ማሰሪያ፣ በትክክል የማይገጥም ክዳን ወይም የፓምፑ ጎሚኒ ይታይ። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላቸው አንባቢዎች ደግሞ ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም።

አሁን ለዚህ ደብዳቤ ዋና ምክንያት ወደሆነው ነጥብ ልምጣ። በዓምዳችሁ ላይ «ሞተሩ ሲግል ወዲያውኑ አቁሞ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ኩላንቱን መመልከት» የሚል ምክር ሰፍሯል። ማቆሙ ትክክል ነው፤ ወዲያው መክፈቱ ግን አደገኛ ነው። የራዲያተር ክዳን በብዙ ሞተሮች ላይ ከውጭው አየር ግፊት በላይ 1 ባር የሚሆን ተጨማሪ ግፊት ይይዛል፤ እኩል ለእኩል በውሃ የተበጠበጠ ኩላንት ሳይፈላ ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚቆየውም በዚህ ግፊት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፣ ፈሳሹ በዚያች ቅጽበት ይፈላል፣ በእጅና በፊት ላይም ይረጫል። ክዳኑ የሚነካው ራዲያተሩ በባዶ እጅ ተይዞ የማያቃጥል ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔም በጨርቅ ሸፍኖ፣ በዝግታ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ማራገቢያው ሞተሩ በቁልፍ ከተዘጋ በኋላም በራሱ ሊነሣ ስለሚችል ጣትን ከዚያ ማራቅ ያሻል። የፈሰሰው ኩላንት ጎማ ላይ ከነካ ያንሸራትታል፤ ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ደግሞ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ሕፃናትና እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ መጠራቀም እንጂ መሬት ላይ መደፋት የለበትም።

ስለዚህ ስለ ክዳኑ የተሰጠው ምክር በሚቀጥለው እትም እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ ከተገኘ ስለ አየር ማስወጣት አንድ አንቀጽ ቢታከል መልካም ነው፤ ካልተገኘም የክዳኑ እርማት ብቻውን ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ