ስለ መንገዱና ስለ ዝምታዬ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ጥር 2016 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህ እንደምን ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ያህል ዓመት ድምፄን ማጥፋቴ አንተን ከመርሳት እንዳልሆነ ታውቃለህ ብዬ አምናለሁ፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱን በግልጽ ነግሬህ ስለማላውቅ ዛሬ ልጽፍልህ ተነሣሁ። እንድጽፍልህ ያስገደደኝም አንድ የደርሶ መልስ ጉዞ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እንድፈትን ተጠርቼ ወደ አዳማ፣ አብረን ወዳስተማርንበት ወደ ቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ሄጄ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤቴ ወጥቼ፣ በመስቀል አደባባይና በሳሪስ በኩል ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስኩና አባዱላ ተሳፈርኩ። ቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ የክፍያ ጣቢያ ላይ ሾፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ካርድ ተቀበለና ነዳ፤ ከዚያ በኋላ እስከ አዳማ መውጫ ድረስ ያቆመን ነገር አልነበረም። እመነኝ፣ ከአራት ኪሎ ቃሊቲ ለመድረስ የፈጀብኝ ጊዜ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ለመድረስ ከፈጀብኝ አያንስም። 3 ሰዓት ሳይሞላ ግቢው በር ላይ ነበርኩ። ሦስት ተማሪዎች ፈትኜ፣ ከባልደረቦቻችን ጋር ምሳ በልቼ፣ ማታ እራቴን ከልጆቼ ጋር በላሁ።

በመመለሻዬ ላይ በመስኮቱ በኩል የመንገዱን አጥር እያየሁ ሳለ የዚያ ልጅ ነገር ትዝ አለኝና ሆዴ ተላወሰ። ታስታውሰዋለህ? መንገዱ ከመከፈቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ተማሪያችን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከገጠር የመጡት እናቱ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከአዳራሹ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር። የውጭ ፈታኙ ደግሞ ከዱከም ወዲያ አንድ ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶት፣ ከፊትም ከኋላም በከባድ መኪና ተከብቦ ቆሞ ቀረ። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ፈተናው ለሁለት ሳምንት መተላለፉን ለልጁ የነገርከው አንተ ነበርክ። እናትየው ዳቦውን ቆርሰው ለእኛ ሰጡን እንጂ አንዲት የቅሬታ ቃል አልተናገሩም። በሁለተኛው ቀጠሮ ግን ልጁ ብቻውን መጣ፤ እናቱ ዳግመኛ የሚመጡበት አቅም አልነበራቸውም።

የጅቡቲው የገቢና ወጪ ጭነት፣ የአገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ ሚኒባሱ፣ ጋሪውና ከብቱ ሳይቀር በዚያች በአንዲት ጠባብ አሮጌ መንገድ ይተላለፍ እንደነበር እኔና አንተ በየሳምንቱ እናየው ነበር። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ በወዲህና በወዲያ ሦስት ሦስት ሆኖ ስድስት የተሽከርካሪ መስመር ሲኖረው፣ ሂያጁና መጪው በመካከለኛ አጥር ተለያይቷል፤ እግረኛም ከብትም አይገባበትም። ስለ ጥቅሙ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ፍጥነቱ ነው። እኔ ግን ለዩኒቨርሲቲ ትልቁ ጥቅም ሰው በያዘው ሰዓት መድረሱና በዚያው ቀን መመለስ መቻሉ ነው እላለሁ። ተጋባዥ መምህር አልጋና የውሎ አበል ሳይጠይቅ አስተምሮ ይመለሳል። በሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ ቅዳሜና እሑድ ተምሮ ሰኞ ሥራው ላይ ይገኛል። የምህንድስና ተማሪ ዱከም ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ወይም ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ሲለማመድ ውሎ ማታ መኝታ ክፍሉ ይገባል። ከዚህ ከአዲስ አበባ የሚላክ የላቦራቶሪ ብርጭቆ እንኳ በየጉድጓዱ ሳይንገጫገጭ በደኅና ይደርሳል፤ እኛ በገለባና በጋዜጣ እየጠቀለልን ስንቱን ሰባብረነዋል!

አንድ ጊዜ ከእኔ ጋር የተከራከርክበትን ነገር አልረሳሁትም። «መንገዱ ሲፈጥን መምህሩ ሁሉ አዲስ አበባ እየኖረ ለትምህርት ሰዓቱ ብቻ ብቅ ይላል፤ ተማሪው ማማከሪያ ያጣል» ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው። በየዩኒቨርሲቲው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮው የሚዘጋ መምህር መኖሩን አውቃለሁ፤ ከመምህሩ ጋር ሻይ እየጠጣ የሚወያይ ተማሪ ከክፍሉ ይልቅ እዚያ ብዙ እንደሚማር እኔም በራሴ ደርሶብኛል። ነገር ግን አንድ ነገር ጨምርበት። ከእነዚያ ተመላላሾች አብዛኞቹ መንገዱ ባይኖር ኖሮ ግቢው ውስጥ አይኖሩም ነበር፤ ጨርሰው ይለቁ ነበር። ይህን የምልህ ከራሴ ተነሥቼ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ስለቅ ደመወዝ ፍለጋ የመሰላችሁ ነበራችሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ባለቤቴ ሥራዋ እዚህ ነበር፣ ልጃችን ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፣ እኔም ዓርብ ማታ በዚያ መንገድ ላይ ተቀምጬ፣ እሷ ከተኛች በኋላ ቤቴ እየገባሁ፣ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ስታለቅስ ጥያት እየወጣሁ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። አንድ ዓርብ ስትነቃ አይታኝ ወደ እናቷ ሸሸች፤ ሰኞ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጻፍኩ። የሴሚስተሩ እኩሌታ ላይ ነበርንና ሁለቱ ኮርሶቼ አንተ ላይ ወደቁ። ያን ዓመት ስንት ሌሊት ፈተና ስታርም እንዳደርክ ሰዎች ነግረውኛል። ለመጻፍ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄን የያዘኝ ይህ ነው፤ ይቅርታህን እለምናለሁ። መንገዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቢከፈት ኖሮ አልለቅም ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

አሁን ተራው የአንተና ዛሬ የምታስተምርባት የሐዋሳ ነው። ከሞጆ ተነሥቶ ሐዋሳ የሚዘልቀው የፍጥነት መንገድ በጠቅላላው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመቂ አድርጎ እስከ ባቱ ያለው ክፍል አገልግሎት ላይ ውሏል፤ የቀረው ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲያችሁ ከዋና ከተማው ጋር የሚኖረው ርቀት በኪሎ ሜትር ባይቀንስም በሰዓት ይቀንሳል። ብቻ ጉዞው የሰላም ይሁን፤ ሰው ያለ ስጋት ካልተጓዘበት አስፋልቱ ብቻውን አይበቃም። እናንተም ከወዲሁ የምታስቡበት ነገር ይኑር። የተማሪው ችግር ብዙ ጊዜ ያለው ከመውጫው እስከ ግቢው በር ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው፤ መብራት የሌላት፣ ክረምት የምትጨቀይ፣ ምሽት የምትደርስ ሴት ተማሪ ብቻዋን የምትፈራት መንገድ እንዳትሆን ከከተማው ጋር ተነጋገሩ። ማሳቸው ለመንገዱ የተወሰደባቸው ገበሬዎችም አሉ፤ ካሳው ተከፍሏቸውም ቢሆን መሬታቸው ላይ የሚያልፈው መኪና ልጆቻቸውን የማይጭን ከሆነ ያሳዝናል። ዩኒቨርሲቲው ለእነዚያ ልጆች የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ቢከፍት አንተ አስተባብረህ እንደምታሳካው አልጠራጠርም።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሰኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈተና ሲኖራችሁ ከውጭ ፈታኞች መካከል ስሜን አስገባልኝ። ከባቱ ወዲያ ያለውን በአሮጌው መንገድ እመጣለሁ፤ ሐዋሳ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ገና ስላልሆነም አንድ ሌሊት እናንተ ቤት አድራለሁ። አበል አልጠይቅም። ከተማሪዎቹ ወላጆች መካከል ከገጠር የሚመጡ ካሉ ግን የእነሱ ልጅ መጀመሪያ እንዲገባ አድርግልኝ፤ እኔ ከቀጠሮው ቀን በፊት በዋዜማው እደርሳለሁ።

ባለቤቴና ልጄ ሰላም ይሉሃል። ያቺ ትሸሸኝ የነበረችው ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት።

ወንድምህ