ይድረስ ለመምህሩ ልጄ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል ልጄ? እኛ ደህና ነን። ማስተማር ከጀመርክ ወዲህ በልቤ የሚመላለሰው ስለ ደመወዝህ አይደለም። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ደብተር የምታሳርም መስላ መጥታ፣ ለእናቷ እንኳ ያልተነፈሰችውን፣ መደፈሯን፣ ትነግርህ ይሆናል። ያን ጊዜ እንዳይጨንቅህ ነው የምጽፍልህ።

ደፋሪውን ጨለማ ውስጥ የሚያደባ ባዳ አድርገህ አታስበው። አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷ የምታውቀው ሰው ነው፤ አጎት፣ እንጀራ አባት፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ። መምህርም አለበት፤ ባልደረቦችህ ናቸው ብዬ አላልፋቸውም። ነገሩ የሚታፈነውም ለዚህ ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ከሆነ ማን ደፍሮ ይከሰዋል? ዘመድ ይሰበሰባል፣ «ገመናችን አይውጣ» ይባላል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ልጅቷን የሚጠይቃት የለም። ወንድ ልጅ ሲሆን ዝምታው ይብሳል፤ «ወንድ አይደለህም ወይ?» መባልን ይፈራላ።

ለደፈራት ሰው መዳርም አለ። ሞሮኮ ውስጥ አሚና ፊላሊ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ እንዲያ ተድራ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ራሷን አጠፋች። ተጎጂዋን ያገባ ከክስ የሚያመልጥበት አንቀጽ የተሻረው በ2014 ነው። የኢትዮጵያም የድሮው የወንጀል ሕግ ለጠላፊ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ነበረው፤ የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው።

ሕጉስ አለ። የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1990 ጸድቋል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ መዳር ይከለክላል። ችግሩ የሚያስፈጽመው ነው። ኬንያ ውስጥ ፖሊስ አቤቱታቸውን ችላ ያለባቸው የተደፈሩ ሕፃናት ፖሊስን ራሱን ፍርድ ቤት አቆሙት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የሜሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ይህን ፍርድ ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ልጅቷ ስትነግርህ «እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» እንዳትላት። «አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በላት። ለማንም አልናገርም ብለህ ግን አትማልላት፤ የማትጠብቀው ቃል ነው። ዝርዝሩን አታውጣጣት፤ ለዚያ የሠለጠኑ አሉ። ደቡብ አፍሪካና ሩዋንዳ ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና አማካሪውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰቡት ልጅ ቁስሏን በየቢሮው እየዞረች እንዳትተርክ ነው። ድርጊቱ ቅርብ ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት ፈጥነው ይውሰዷት፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ከምርመራው በፊት ገላዋን አትታጠብ። ልብሷም ሳይታጠብ በወረቀት ይጠቅለል፤ ፕላስቲክ ያሻግተዋል።

ከዚያ አማላጅ ይላክብሃል፣ «የሰው ቤት አታፍርስ» ትባላለህ። አንተ እንቢ ስትላቸው ወደ እኔ መምጣታቸው አይቀርም። ይምጡ። ልጄን ተው አልለውም።

እናትህ