ትርፏ ብሎን

ወንድሜ፣

ሰላም ነህ ወይ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬ ያው ሙቀቷ ነው። ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ነው የምናመሸው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። አባባ ያረፉ ጊዜ አዳማ ድረስ መጥቼ ለቅሶ አልደረስኩም። ስልክ እንኳ አልደወልኩም፣ በሰው ነው "እግዚአብሔር ያጽናህ" ያስባልኩህ። ከዚያ በኋላ ልደውል ባልኩ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኛል። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ እፍረቱ ባሰ። ይቅር በለኝ። አባባ ለእኔም አባቴ ነበሩ። ከዚራ ሰፈር፣ ኮምፒውተር በምንጠግንበት ሱቃችን ውስጥ ስናመሽ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልን ይመጡ የነበረው ከዓይኔ አይጠፋም።

ያለፈው ቅዳሜ ሌሊት ግን አንተን ሳስብ ነው ያመሸሁት። የሆነውን ልንገርህ።

ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሶፍትዌር ልታጠና። ኮምፒውተሯን እኔው በእጄ ልገጥምላት ፈለግሁ። ሁሉ ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ከነፕሮሰሰሩ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁ። የማስታወሻ ካርዱን፣ ራሙን፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ዞሬ ዞሬ አገኘሁት። ያገለገለ ነው፣ ግን ደህና ነው። የብረት ሳጥኑ፣ ኬዙ፣ ያው ከሱቃችን የተረፈው ነው። አንተ በማርከር የጻፍክበት ቁጥር ጎኑ ላይ አሁንም አለ።

ገጥሜ ጨርሼ ማብሪያውን ተጫንኩ። ፋኑ ግማሽ ዙር ዞረና ቀጥ አለ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ያው ነው። ልጄ አጠገቤ ቆማለች። ምንም አላለችም፣ ፊቷን ግን አየሁት።

መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ፣ እዚህ ማታ ማታ ይወርዳል። ስታቢላይዘሩን ሳየው 220 ላይ ነው። ቀጥዬ ለሁሉም ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን ሞከርኩት። ባለ 24 ፒኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቀልኩ፣ ያለ ቦርዱ እንዲነሳ አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር በሽቦ አገናኘሁ። የአሁኖቹ ገመዳቸው ሁሉ ጥቁር ስለሆነ ቀለም አይረዳህም፣ 16ኛውን ፒን ቆጥረህ ማግኘት አለብህ። ፋኑ ዞረ። በቴስተር ስለካው 12.1 ቮልት ይሰጣል። ፓወሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

የፕሮሰሰሩን ባለ 8 ፒን ገመድ አየሁ፣ በደንብ ገብቷል። ግራፊክስ ካርዱን አወጣሁ። ዲስኩን አወጣሁ። አንድ ራም ብቻ አስቀረሁ። አሁንም ግማሽ ዙር።

አምስት ሰዓት ሆነ። ላቤ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፎጣ ግንባሬ ላይ አስሬያለሁ። ያኔ ነው ድምፅህ የመጣብኝ፦ "አውጣውና ካርቶን ላይ አስተኛው አቦ!" ስንቱን ማሽን እንደዚያ አድርገን አስነሳን? ሁሉንም ብሎን ፈትቼ ማዘርቦርዱን አወጣሁ፣ በገዛ ካርቶኑ ላይ አስተኛሁት። ፕሮሰሰሩ፣ ፋኑ፣ አንድ ራም፣ ሌላ ምንም የለም። ሁለቱን የማብሪያ ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ነካሁ።

ዞረ። አልቆመም። ጥፋቱ ኬዙ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ልጄን ጠርቼ ባትሪ አስያዝኳትና የኬዙን ሆድ አበራን። እሷ ናት ያገኘችው። ማዘርቦርዱን ከብረቱ ከፍ አድርገው የሚይዙት የናስ ብሎኖች የሉም? አንዷ ድሮ ለነበረው ቦርድ የታሰረች ናት፣ እዚያው ቀርታለች። አዲሱ ቦርድ በዚያ ቦታ ቀዳዳ የለውም። ቦርዱን ገልብጬ ሳየው ብየዳዎቹ መሀል ጥፍር የጫረው የመሰለ ቢጫ ምልክት አለ። ብሎኗ ከኋላ እየነካች ሾርት ታደርገው ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ሾርቱ ሲሰማው ራሱን ያጠፋል፣ ግማሽ ዙሩ ለዚያ ነው። እንኳንም አጠፋ! ባያጠፋ ያ ሁሉ ዕቃ ተቃጥሎ ነበር። ብሎኗን በፒንሳ ፈታኋትና ሁሉንም መልሼ አሰርኩ።

ከዚያም ፋኑ እየዞረ ምስል እምቢ አለ። ይሄኛው ብዙ አላስቸገረኝም። የራሞቹን ወርቃማ ጥርስ እንደ ድሮው በላጲስ አሸሁ፣ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ ቀጭ እስኪሉ ተጫንኳቸው። የሞኒተሩንም ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰካሁ። ከዚያ ማብሪያውን ተጭኜ ጠበቅሁ። አዲስ ቦርድ መጀመሪያ ሲነሳ ራሙን እስኪለማመደው ጊዜ ይወስዳል፣ ጥቁር ስታይ ቶሎ ማጥፋት የለብህም። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጽሑፉ ብቅ ሲል ልጄ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ጎረቤት ሁሉ ነቃ።

"ይሄን የካርቶን ነገር ማን አስተማረህ?" አለችኝ። ስላንተ ነገርኳት። ስለ ሱቁም፣ ስለ አባባና ስለ ሳምቡሳውም። "ታዲያ ለምን አትደውልለትም?" አለች። የምመልስላት አጣሁ።

ለስልክ ስላልደፈርኩ ይሄው ጻፍኩልህ። የአባባ ሙት ዓመት ዘንድሮ የሚዘከርበትን ቀን ላክልኝ። ከዚህ በባቡር እመጣለሁ፣ ልጄም አብራኝ ትመጣለች። ቁጥሬ የድሮው ነው።

ወንድምህ፣
ከድሬዳዋ