ለውሻዋ አትንገሪያት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ድሬ እንደምታውቂያት ናት፣ በዚህ ሰሞን ሙቀቷ ሰው አያስቀምጥም። እናትሽ የላክሽላትን ሻሽ ለማንም አላስነካም ብላለች።

የአክስትሽ ልጅ እሁድ ብቅ ብሎ ነበር። የዝሆን ጥርስ አሽትታ ከምታገኝ ውሻሽ ጋር የምትወስጂው ሥልጠና ፈተና ላይ ወድቀሽ ስታለቅሺ እንደምታድሪ ነገረኝ። "ትመለሳለች መሰለኝ" አለ። ለእናትሽ ትንፍሽ አላልኩም። አንቺም በስልክ አላነሳሽልኝም። አቦ፣ ከእኔ ይደበቃል? ውሻሽ የዝሆን ጥርስ በሌለበት ሻንጣ ፊት ሁለት ጊዜ 'አገኘሁ' ብላ ቁጭ አለች አሉ። ሁለቱንም ጊዜ አንቺ ሻንጣው ጋ ስትደርሺ ቆም ብለሽ ነበር አሉ።

እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ነግረሻታል። በአፍሽ ባትነግሪያትም በገመዱ፣ በእግርሽ ነግረሻታል። ለውሻዋ አትንገሪያት!

ባለፈው ስለ ሥራሽ ካወራሽኝ በኋላ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ያቺን ጆሮዋ የተቆረጠውን የጎረቤት ውሻ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግቢ አስገባኋት። አራት የወተት ጣሳ ደረደርኩ፣ ክዳናቸውን በምስማር በሳሁ፣ አንዱ ውስጥ ቋንጣ ከተትኩ። ውሻዋ ጣሳውን ትታ እኔን ታያለች! ዓይኔ ወዳረፈበት ትሄዳለች። ሆን ብዬ ባዶውን አየሁት። ባዶውን ጫረችው። ከዚያ የጎረቤቱን ልጅ ጠራሁና "አንተ ደብቅ፣ ለእኔም እንዳትነግረኝ፣ ደብቀህ ውጣ" አልኩት። ውሻዋ ፊቴን አየች፣ ምንም አጣችበት። ትንሽ ተቅበዘበዘች። ከዚያ አፍንጫዋን መሬት አድርጋ ሄደች፣ ሦስተኛው ጣሳ ላይ ቆመች። ከፈትኩት፣ ቋንጣው አለ። እናትሽ በመስኮት እያየችኝ "አበደ" አለች።

ይሄን ሁሉ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ደባቂው ይውጣ፣ ገመድ ያዡም አይወቅ አላልሽም? ናሙናውን በባዶ እጅ ከነካሽው ውሻዋ የዝሆን ጥርሱን ሳይሆን የእጅሽን ሽታ ነው የምትማረው አላልሽም? ባዶው ዕቃ ውስጥም ያው የጓንት ሽታ ይኑር። አሁንም እደግመዋለሁ፣ አትንገሪያት።

ውሻዋማ ጎበዝ ናት። ስትመረጥ ኳሱን ረጅም ሣር ውስጥ ወርውረው፣ ይዘው አቆይተው ሲለቋቸው ሌሎቹ ሰልችቷቸው ተመለሱ፤ ያልተመለሰችው እሷ ናት ብለሽኛል። ያስመረጣት ዘሯ ሳይሆን የኳስ ፍቅሯ ነው። የሚያንሸራትት ወለል አላስፈራትም፣ የመኪና ጥሩምባ አላስደነገጣትም፣ ፍየል አይታ አልሮጠችም። ለእሷ የዝሆን ጥርስ ሽታ ማለት ኳስ መጣ ማለት ነው። ስለ ዝሆን ምን ገዷት? እንግዲህ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ኳስ የሚያስገኝ ከመሰላት፣ ሻንጣውን ትታ አንቺን ነው የምታነበው።

የድሮ ውሻችንን የቦቢን ነገር ታውቂያለሽ። የምታውቂው ግን ግማሹን ነው።

የሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ እኔ መጋዘኑን ሌሊት እጠብቅ ነበር። አንድ ሌሊት ጫት የጫነ አይሱዙ ገብቶ አደረ። ቦቢ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረና ከኋላው ጎማ አጠገብ ተኛ። ብጠራው አይመጣም። አፍንጫውን ወደ ጭነቱ ቀስሮ ያላዝናል። ሹፌሩን አውቀዋለሁ፣ የሰፈር ሰው ነው። አንድ እስር ጫት ሰጠኝና "ውሻህን ዝም አሰኝልኝ፣ እንቅልፍ ነሳኝ" አለኝ። ቦቢን በከዘራ መታሁት። ሁለት ጊዜ። መኪናው ሲነጋጋ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ኬላ ላይ ተፈትሾ ከጫቱ ሥር የአቦሸማኔ ግልገሎች እንደተገኙበት ሰማሁ። አምስት ነበሩ፣ ሦስቱ ሞተዋል። በሶማሌላንድ አድርገው ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧቸው ነበር።

ጫቱን ቅሜዋለሁ፣ ልጄ። ይሄን እናትሽም አታውቅም።

ቦቢ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። ግን አንድ ነገር ሲሸተው መጀመሪያ ፊቴን ያያል። ልሽተት ወይስ ይቅር ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። የጎረቤቷ ውሻ ያን ጠዋት ጣሳውን ትታ ስታየኝ፣ እሱን ነው ያየሁት።

በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ሲቃጠል በቴሌቪዥን አብረን አይተናል። "ይሄ ስንት ዝሆን ነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ መልስ አልነበረኝም። ባቢሌ ያሉት ዝሆኖች ከቤታችን ሩቅ አይደሉም። መመለስ ከፈለግሽ በሩ ክፍት ነው፣ የአባትሽ ቤት ነው። በአንድ ፈተና ግን አትመለሺም። ሰምተሻል?

ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አንቺም ውሻዋም በጊዜው ውሰዱ። ባሌ ላይ ብዙ ቀይ ቀበሮ የፈጀው ከሰው ውሻ የተላለፈ በሽታ ነው። ዱር ለመጠበቅ ሄደሽ በሽታ እንዳታስገቢ። ሙቀት ሲሆን አታሠሪያት፤ አፏን ከፍታ የምታለከልክ ውሻ በደንብ አታሸትም። በጠዋት ጨርሱ። ውኃዋን ለብቻ ያዢ። ከሚቀጥለው ፈተና በፊት ያለው ሌሊት ስልክሽን አጥፍተሽ ተኚ። ገመዱን አላልተሽ ያዢ፣ እርምጃሽን እኩል አድርጊ፣ ሻንጣው ጋ ስትደርሺ አትቁሚ፣ አትንገሪያት።

ማክሰኞ ለእናትሽ ደውዪላት። ስለ ፈተናው ራስሽ ንገሪያት፣ ከእኔ እንዳትሰማ። ብር አትላኪ፣ ጫማ ግዢበት።

የጎረቤቱ ልጅ ከውጭ እየጠራኝ ነው። ጣሳዎቹን ደርድሯል፣ የት እንደደበቀ አልነገረኝም።

አባትሽ
ከድሬዳዋ