ቤት መታ ወይስ አልመታም? የግጥምና የቃላት ጨዋታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን ሲጀምር ጥሩ ዕቅድ ይዞ ነበር። የግጥም ንባብ፣ የቃላት ጨዋታ ውድድር፣ የግድግዳ መጽሔት፣ ከሙዚቃ ክበብ ጋር የጋራ ዝግጅት። ሁሉም ተካሂደዋል። ዝርዝሩን ርዕሰ መምህሩ ጋ የገባው ሪፖርት ላይ ማየት ይቻላል። እኔ እዚህ መጻፍ የምፈልገው ዕቅዱ ላይ ስላልነበረው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ስላከራከረን ጉዳይ ነው። ድምፃቸው የሚቀራረብ፣ ግን አንድ ያልሆነ ሁለት ቃላት ስንኝ መጨረሻ ላይ ቢመጡ ቤት መቱ ይባላል?

ነገሩን የጫረችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ይህን አነበበች፦

ሰማዩን ሸፈነው ያ ጥቁር ደመና
ገና ሳይፈነዳ ረገፈ አበባ

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ቤት አይመታም!" አለ ከኋላ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ልጁ የክበቡ የሕግ ሰው ነው። አንዱ በ"ና" ያልቃል፣ ሌላው በ"ባ"። ለእሱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ገጣሚዋ ግን የምትለቅ አይደለችም። "ሁለቱም 'ኣ' ብለው ነው የሚጨርሱት፤ ጆሮህን ክፈት" አለችው።

ልጁ ላስተካክልልሽ ብሎ ሁለተኛውን ስንኝ እንዲህ አደረገው፦ "ገና ሳይፈነዳ ወደቀ እንደ መና"። ምጣኔው ልክ ነው፤ ስድስት በስድስት፣ ጥሩ የወል ቤት። ቤቱም ጥርት ብሎ መታ። ክፍሉ ግን በሳቅ ፈረሰ። መና ከሰማይ የወረደ ምግብ ነዋ! አበባው ሳይፈካ በመርገፉ ልናዝን ተዘጋጅተን፣ በረከት ሆኖ ወረደልን። ልጁ "መና ቀረ ለማለት ነው" ብሎ ሊከላከል ሞከረ። አልተሳካለትም። እንደ መና መውደቅና መና መቅረት ለየቅል ናቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። "ሙሉ ቤት" የሚሉና "ቅርብ ቤትም ይቆጠር" የሚሉ።

መጀመሪያ ሕጉን በደንብ ማየት ነበረብን። በአማርኛ ግጥም የተለመደው ልማድ የስንኞቹ የመጨረሻ ፊደል አንድ እንዲሆን ይጠይቃል። ተነባቢውም አናባቢውም። አንዷ ተማሪ ይህን ለማሳየት የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ አልወረደም። ገበታው ላይ ወደ ጎን ስንሄድ ተነባቢው አንድ ሆኖ አናባቢው ይቀያየራል፤ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ። ወደ ታች ስንሄድ ደግሞ አናባቢው ጸንቶ ተነባቢው ይቀያየራል፤ ባ፣ ታ፣ ና፣ ካ። ሙሉ ቤት ማለት ሁለቱም ስንኞች ገበታው ላይ አንዲት ሳጥን ውስጥ ሲያርፉ ነው። ቅርብ ቤት ማለት ደግሞ አንድ ረድፍ ወይም አንድ ዓምድ ላይ መገናኘት ነው። ደመናና አበባ የተገናኙት ራብዕ ዓምድ ላይ ነው።

ገበታው ግን ሁልጊዜ አይታመንም። "ውኃ" እና "ድሃ" የተለያየ ፊደል ይዘው ለጆሮ ፍጹም አንድ ናቸው። ሰና ሠ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። ይህ ብዙ አላጨቃጨቀንም። የሕግ ሰዎቹም ቢሆኑ "ጆሮ ይበልጣል" ብለው ተቀበሉ። ይህን ሲሉ በራሳቸው ላይ በር መክፈታቸው ነበር፤ ወዲያው አልታያቸውም።

የከበደው ጥያቄ ሳድስ ላይ መጣ። "ቀለም" እና "ሰላም" ቤት ይመታሉ? በልማዱ አዎ፤ ሁለቱም በ"ም" ያልቃሉ። አሁን ግን ድምፅ አውጥታችሁ በሏቸው። መጨረሻ ላይ ያለው "ም" አናባቢ የለውም። ጆሮ የሚሰማው አናባቢ ከእሱ በፊት ያለው ነው፤ በአንዱ "ለ"፣ በሌላው "ላ"። ስለዚህ ሙሉ ቤት እያልን የምንጠራው ነገር፣ ስንኙ በሳድስ ሲያልቅ፣ አናባቢው የማይገጥም ቤት ሊሆን ይችላል። ብዙ የአማርኛ ስንኝ በሳድስ እንደሚያልቅ እናንተም ታውቃላችሁ። ቅርብ ቤትን ሳንቀበል ኖርን ስንል ለካ ሳናውቀው ስንጠቀምበት ኖረናል።

ሁለተኛው ከባድ ነጥብ የመጣው ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። በአማርኛ ግስ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የግስ መጨረሻ ደግሞ ያው ነው፤ "ኩኝ"፣ "ናል"፣ "ለች"። ስለዚህ ሙሉ ቤት በነጻ ይገኛል። ይህን ለማሳየት ሁለት ልጆች ለቀልድ እንዲህ ጻፉ፦

ማልጄ ተነሣሁ ፊቴንም ታጠብኩኝ
ደብተሬንም ይዤ ወደ ክፍል ሄድኩኝ

ምጣኔው አይነቀፍም። ቤቱ ይመታል። ግጥም ግን የት አለ? ቤቱን የመታው ሰዋስው እንጂ ገጣሚው አይደለም። እኔ በበኩሌ ከእነዚህ ሁለት "ኩኝ"ዎች ይልቅ ደመናና አበባን እመርጣለሁ። እነሱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ቢያንስ ፈልጎ ነው ያገኛቸው።

የሕግ ሰዎቹ "ሌላው ዓለምስ እንዲህ ይቀልዳል ወይ?" አሉ። መልካም፣ ፈልጉና አምጡ አልኳቸው። ያመጡት ነገር ለሁለቱም ወገን የሚሆን ሆኖ ተገኘ።

ዐረብኛ ለሕግ ሰዎቹ መሰከረ። በጥንቱ የዐረብኛ ሥነ ግጥም የመዝጊያውን ፊደል በሚቀራረብ ሌላ ፊደል መተካት ስም የወጣለት ጉድለት ነው፤ "ኢክፋእ" ይባላል። ግን እዚያው ዐረብኛ ውስጥ፣ ከመዝጊያው ፊደል በፊት የሚመጣው ረጅሙ "ኡ" እና ረጅሙ "ኢ" እየተፈራረቁ ቢመጡ ችግር የለም። ረጅሙ "ኣ" ግን ከእነሱ ጋር አይቀላቀልም። ጥብቅ የተባለው ሕግም የፈቀደው መቀራረብ አለ ማለት ነው።

ስፓንኛ ደግሞ ሁለቱንም በእኩል ዓይን ያያል። አንደኛው ዓይነት ቤት አጽንዖት ካለበት የመጨረሻ አናባቢ ጀምሮ ሁሉም ድምፅ እንዲገጥም ይፈልጋል። ሌላው አናባቢዎቹ ብቻ ቢገጥሙ ይበቃዋል። "ሮማንሴ" የሚባሉት የቆዩ የትረካ ግጥሞች የሚሄዱት በሁለተኛው ነው። የኛ ደመናና አበባ እዚያ ቢወለዱ ኖሮ ማንም አይከሳቸውም ነበር።

እኔን ይበልጥ ያስገረሙኝ የጥንት ኖርዲክ (የሰሜን አውሮፓ) ገጣሚዎች ናቸው። "ድሮትክቬት" በተባለው ስልታቸው፣ በአንድ ስንኝ ውስጥ ድምፆች እርስ በርስ መግጠም አለባቸው። ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ስንኞች ላይ ተነባቢው ብቻ ይገጥማል፣ አናባቢው ይለያል። ሙሉ ቁጥር ባላቸው ላይ ሁለቱም ይገጥማሉ። እዚያ ቅርብ ቤት የራሱ ቦታ የተሰጠው ሕግ ነው። ጆሮው መጀመሪያ ግማሹን ይሰማል፤ ቀጥሎ ሙሉው ይመጣለታል።

አየርላንዶችም አሉ። የመካከለኛው ዘመን ባለሙያ ገጣሚዎቻቸው ተነባቢዎችን በቡድን ከፋፍለው ነበር። ብ፣ ድና ግ አንድ ቡድን ናቸው። ፕ፣ ትና ክ ሌላ። አናባቢው አንድ ከሆነና ተነባቢዎቹ ከአንድ ቡድን ከሆኑ ቤት መታ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የኛን ፊደሎች መመደብ ጀመሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቃል እየሰሙ፣ የገጠመ የመሰለው እጁን ያወጣል። ለና ረ፣ መና ነ፣ ተና ጠ፣ ከና ቀ ብዙ እጅ አገኙ። ሸና በ ምንም። የኛ ልጆች ጆሮ የመደበው ብዙውን ጊዜ ድምፁ አፍ ውስጥ በሚወጣበት ቦታ ነው። የአየርላንዶቹ አመዳደብ ግን በድምፁ ጠባይ ነው። አንድ ረድፍ ላይ ያሉት፣ እንደ "ገባ" እና "ገቢ" ያሉት፣ ከሁሉም ያነሰ እጅ ነው ያገኙት። ለአማርኛ ጆሮ አናባቢው ሲጠፋ ቤቱ ይጠፋል ብዬ እገምታለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ስለ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲኪንሰን አጫወቱን። እ.ኤ.አ. በ1886 ስትሞት ከ1,700 በላይ ግጥም ትታ ነው። በሕይወት እያለች የታተሙላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቅርብ ቤት በጣም ትወድ ነበር። በ1890 የመጀመሪያው መድበሏ ሲወጣ አዘጋጆቹ አንዳንድ ቤቶቿን "አስተካከሉላት"። እሷ የጻፈችው ተመልሶ ተሟልቶ የታተመው በ1955 ነው። ይህ ሲነገር የ10ኛ ክፍሏ ልጅ ዞር ብላ የ12ኛውን ልጅ አየችው። መናው ትዝ ብሏት መሆን አለበት።

ከሙዚቃ ክበብ ጋር ያደረግነው ዝግጅት ነገሩን አገለባበጠው። ሁለት ግጥም ሰጠናቸው። አንዱ የደመናውና የአበባው ነው። ሌላው የሕግ ሰዎቹ የመረጡት፣ በሕጉ መሠረት እንከን የሌለው፦

ብዕሬ ደረቀ አለቀብኝ ቀለም
በምኔ ልጻፈው ይህን ሁሉ ሰላም

ድምፃዊቷ የመጀመሪያውን ስትዘፍነው "ደመናኣኣ"፣ "አበባኣኣ" ብላ ሳበችው። "ና" እና "ባ" ብልጭ ብለው ጠፉ። የቀረው "ኣ" ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ ቤቱ አልመታም ያለ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ላይ መሳብ የሚቻለው "ለ" እና "ላ" ነው። "ቀለ..." ብላ ስትስብ ሌላ ድምፅ፣ "ሰላ..." ብላ ስትስብ ሌላ። ወረቀት ላይ የመታው ቤት ዜማ ላይ ተንሸዋረረ። "ም" ላይ ከንፈር ገጥሞ ማንጎራጎር ይቻላል፤ ሞክራውም ነበር። ግን አናባቢው ላይ የጠፋውን አልመለሰውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዜማ የሚሸከመው አናባቢ ነው። "ት" ወይም "ክ" ላይ ቆሞ መዝፈን አይቻልም፤ ድምፁ ይዘጋል።

ራፕ የሚሞክሩት ልጆች ደግሞ ይህን ሳንነግራቸውም ያውቁታል። እነሱ የመጨረሻውን ፊደል ብቻ አያዩም፤ ወደ ኋላ ሄደው አናባቢዎቹን በተርታ ያስገጥማሉ። ከተማ፣ ደመና፣ ገበያ፣ ጨረቃ፣ መከራ። ሁሉም ግዕዝ፣ ግዕዝ፣ ራብዕ ናቸው። በሕጉ አንዳቸውም ከአንዳቸው ቤት አይመቱም። ቢት ላይ ሲወርዱ ግን ጭንቅላት ያስነቀንቃሉ። አንዱ ልጅ ይህን "1-1-4" ብሎ ደብተሩ ላይ በቁጥር ይጽፈዋል። ሌሎችም ከእሱ ኮረጁ። ከ"ኩኝ" በስንት ጣዕሙ!

የቃላት ጨዋታው ውድድር ላይ ግን ከሕግ ሰዎቹ ጋር ቆሜያለሁ። አንዷ ተወዳዳሪ ይህን አቀረበች፦ "ልብሴ ጠበበኝና ሰፊ ፈልጌ አጣሁ።" ወረቀት ላይ ግሩም ነው። ሰፋ ያለ ልብስ ነው ያጣችው ወይስ ልብስ የሚሰፋ ሰው? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱም ይነበባሉ። መድረክ ላይ ግን አፍ መምረጥ አለበት። "ፊ" ከጠበቀ ስፋት ነው፣ ከላላ ባለሙያው ነው። ልጅቷ አጥብቃ አለችው፤ ጨዋታው እዚያው ሞተ። ግማሹ ታዳሚ ምን እንዳመለጠው እንኳ አላወቀም። ቅርብ ቤት ከሆነ ጆሮ ይታገሣል፤ ልዩነቱንም መስማት አንድ ደስታ ነው። ኅብረ ቃል ግን ሁለት ትርጉም በአንድ ድምፅ ውስጥ መደበቅ አለበት። ድምፁ ከተለየ መደበቂያ የለውም። ስለዚህ ዳኞቹ በቃል ዙር ነጥብ ከለከሏት፤ በግድግዳ መጽሔቱ ግን ወጣላት።

ታዲያ ቅርብ ቤት እውነተኛ ቤት ነው? እኔ ነው እላለሁ፣ ገጣሚው ከጀመረበት ከቀጠለበት። አሥር ስንኝ ሙሉ ቤት እየመታ መጥቶ አሥራ አንደኛው ላይ ቢስት፣ ጆሮ ቃል አጥሮት ነው ይላል። ከመጀመሪያው በዓምድ ከሄደ ግን ጆሮ ይለምደዋል፤ ሲስትም ያውቅበታል። ሆነ ብሎ መሳትም አለ። ያ ሳይፈነዳ የረገፈ አበባ፣ ቤቱም ሳይሞላ መቅረቱ ያምርበታል። ገጣሚዋን አስበሽበት ነው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ኧረ ቲቸር፣ በጭራሽ!" አለችኝ።

ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር ክበቡ ደንብ አውጥቷል። በጽሑፍ የሚቀርብ ግጥም በሙሉ ቤትም በቅርብ ቤትም ሊሆን ይችላል፤ ግን አቅራቢው የትኛውን እንደያዘ ከላይ ይጽፋል። የግስ መድረሻ ብቻ የሆነ ቤት ግማሽ ነጥብ ነው የሚያገኘው። ይህን ያስገቡት የ9ኛ ክፍሎቹ ናቸው። ዘፈንና ራፕ የሚዳኘው ተሰምቶ እንጂ ተነቦ አይደለም። የቃላት ጨዋታ በአፍ ካልሠራ አይቆጠርም።

ደንቡ የጸደቀው በድምፅ ብልጫ ነው። የ12ኛው ልጅ ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት ጠይቆ ተይዞለታል። "በጽሑፍ ግጥም ፊደል ካልገጠመ ቤት አይባልም" ይላል፣ ቃል በቃል። ፈተናውን ጨርሶ እየወጣ ስለሆነ የሙሉ ቤት ወገን በመስከረም አዲስ ጠበቃ ያስፈልገዋል። ፍላጎቱ ያለው ተማሪ በምዝገባ ሳምንት የክበቡን ጸሐፊ ማናገር ይችላል። የፊደል ገበታውም ስለተቀደደ ደህና የሚያምር አዲስ ገበታ የሚሠራልን ሰው ብናገኝ ደስ ይለናል።